ፊንክ ወይም ላራፒንታ፦ «የዓለም ጥንታዊ ወንዝ» ሲባል ምኑ ነው ያረጀው?

«በምድር ላይ ካሉት ወንዞች ሁሉ የሚያረጀው አውስትራሊያ ውስጥ ያለው ፊንክ ነው» የሚል ጽሑፍ በየማኅበራዊ ገጹ ሲዞር አይታችሁ ይሆናል። ቁጥሩም አብሮ ይመጣል፤ አንዱ 350 ሚሊዮን ዓመት ይላል፣ ሌላው 400 ሚሊዮን። ነገሩ ከሜዳ የተነሣ ወሬ አይደለም፤ ግን እንዲህ በአንድ መስመር ሲነገር ዋናው ነገር ይጠፋል። ውሃው ነው ያረጀው? አሸዋው? አለቱ? ወይስ ውሃው የሚሄድበት መንገድ? መልሱ ለየብቻ ነው። ለወሎ አንባቢ ደግሞ ጥያቄው ሩቅ አይደለም፤ ፊንክን የምንመረምርበት መንገድ በሽሎንና ቦርከናንም ለማየት ይሆናል። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ወንዙ የት እንዳለ። ፊንክ የሚነሣው በአውስትራሊያ መሐል፣ ኖርዘርን ቴሪቶሪ ውስጥ፣ ከአሊስ ስፕሪንግስ ከተማ በስተምዕራብ ካለው የማክዶኔል ተራራ ሰንሰለት ነው። ኦርሚስተንና ዴቨንፖርት የሚባሉ ሁለት ጅረቶች ሲገናኙ ፊንክ የሚለው ስም ይጀምራል። ብዙም ሳይሄድ ግሌን ሄለን በተባለው ጠባብ በር ቀዩን ተረተር ሰንጥቆ ወደ ደቡብ ይወጣል፤ በሄርማንስበርግ መንደር አጠገብ አልፎ ክሪቾፍ በሚባሉት ተራሮች ውስጥ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ ኤለሪን፣ ፓልመርንና ሂዩን ከተቀበለ በኋላ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ታጥፎ በሲምፕሰን በረሃ ዳር አሸዋ ውስጥ ይሰምጣል። ርዝመቱ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አቅጣጫው ከባሕር ጠለል በታች 15 ሜትር ያህል ወደሚተኛው አይር ሐይቅ ነው፤ ይሁንና ለየት ያለ ታላቅ ጎርፍ ካልመጣ በቀር ሐይቁ ዘንድ አይደርስም።

ባሕር የማያይ ወንዝ ለእኛ ብርቅ አይደለም። ደሴን አቋርጦ የሚወርደው ቦርከናም፣ ከተሁለደሬ በኩል የሚነሣው ሚሌም አዋሽ ይገባሉ፤ አዋሽም አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ልዩነቱ ዝናቡ ላይ ነው። ኮምቦልቻ በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ታገኛለች። አሊስ ስፕሪንግስ 280 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ በአንጻሩ ፀሐይና ነፋስ ከክፍት ውሃ ላይ በዓመት ወደ 3,000 ሚሊ ሜትር ያተናሉ። ስለዚህ ፊንክ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ሰፊ የነጭ አሸዋ አልጋ ነው፤ እዚህም እዚያም ኩሬ አለው። የቆቦን ሜዳ የአሸዋ ወንዞች በበጋ ያየ ሰው መልኩን ያውቀዋል። ውሃው አልጠፋም፣ አሸዋው ሥር ነው። በማይነጥፉት ኩሬዎች ውስጥ ደግሞ ከዚህ ተፋሰስ ውጭ የትም የማይገኙ የዓሣ ዓይነቶች ጎርፍ እስኪመጣ ይጠብቃሉ፤ ጎርፉ ሲመጣ ከኩሬ ወደ ኩሬ ይበተናሉ።

አሁን ወደ ስሙ። ፊንክ ያለው ስኮትላንዳዊው አሳሽ ጆን ማክዱዋል ስቱዋርት ነው። ማርች 2 ቀን 1860 ሁለት ረዳቶችና 13 ፈረሶች ይዞ ከደቡብ አውስትራሊያ ተነሣ፤ በኤፕሪል መጀመሪያ ከወንዙ ደረሰ፤ ስሙንም የአደሌዱ ባለሀብትና የጉዞው ደጋፊ በሆነው በዊልያም ፊንክ ሰየመው። ወዲያው በሜዳው መሐል ብቻውን የቆመ የአሸዋ ድንጋይ ዓምድ አገኘና በሌላው የገንዘብ ደጋፊው በጄምስ ቻምበርስ ስም ቻምበርስ ፒላር አለው። ገባሩ ሂዩ ወንዝ ስሙን ያገኘው ከዚያው ከቻምበርስ ቤተሰብ ነው። ከፊቱ የተጋረጠውን ተራራ ደግሞ ለደቡብ አውስትራሊያ ገዥ ለሪቻርድ ማክዶኔል ሰጠው። በዚያ ወር የወጡትን ስሞች በተርታ ስታነቡ የአሳሹን የወጪ መዝገብ የምታነቡ ይመስላል፤ ለስቱዋርት ስም ማውጣት ውለታ የሚከፈልበት መንገድ ነበር።

ዘመኑ በእኛ 1852 ዓ.ም.፣ ቴዎድሮስ ከነገሡ 5 ዓመት ሲሆን ነው። ከ8 ዓመት በኋላ፣ በ1868፣ የናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲሄድ በሽሎን ተሻገረ። እንግሊዞቹ ግን ወንዙን በማንም ጌታ ስም አልሰየሙትም፤ አጻጻፉን ትንሽ አዛብተው ባሺሎ ብለው ካርታ ላይ አስቀመጡት። እንደ እኔ አስተያየት ምክንያቱ ጨዋነት አይደለም። ናፒየር ያለ መንገድ መሪ፣ ያለ አጋሰስና ያለ ገበያ አንድ እርምጃ መራመድ አይችልም ነበርና ስሙን ጠይቆ መስማት ግድ ሆነበት። ስቱዋርት ከባለአገሮቹ ጋር የሚግባባበት ቋንቋ አልነበረውም። እንዲያውም በዚያው ዓመት በጁን ወር ወደ ሰሜን ገፍቶ ሲሄድ ከዋሩሙንጉ ሕዝብ ጋር ተጋጭቶ ለመመለስ ተገደደ፤ ቦታውን አታክ ክሪክ፣ «የጥቃት ጅረት» ብሎት ተመለሰ።

ወንዙ ስም አጥቶ አልነበረም። የአሬንቴ ሕዝብ ላራፒንታ ይለዋል፤ ብዙውን ጊዜ «ጨዋማ ወንዝ» ተብሎ ነው የሚፈታው። ስሙ ከወንዙ ጠባይ የወጣ ነው። ጎርፍ ባለፈ ጊዜ ኩሬው ጣፋጭ ነው፤ ከዚያ ፀሐይ ውሃውን ብቻ ትወስዳለች፣ ጨዉን ትታ። የኩሬው ውሃ አሥር እጅ ከነበረው ዘጠኙ ተንኖ አንዱ ብቻ ቢቀር በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው ጨው አሥር እጥፍ ይሆናል። በዚያ ላይ ከአለቱ ሥር እየሰረገ የሚገባው ውሃ የራሱን ጨው ይዞ ይመጣል። ስለዚህ አንዱ ኩሬ የሚጠጣ፣ ከሱ ዝቅ ያለው ግን አፍ የማይቀበለው ሊሆን ይችላል። ለማያውቀው እንግዳ ይህ የሞት የሽረት ጉዳይ ነው። ላራፒንታ የሚለው ስም ለመንገደኛ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል፤ ፊንክ የሚለው ስለ ውሃው የሚነግረን ነገር የለም።

የአገሩ ሰው ደግሞ እያንዳንዱን ኩሬና በር በየስሙ ያውቀዋል። ሄርማንስበርግ የተባለው መንደር ንታሪያ ነው፤ የጀርመን ሉተራን ሚሲዮናውያን በ1877 ሠፍረው የአገራቸውን ከተማ ስም አወጡለት። ግሌን ሄለን ያፓልፔ ነው። አሊስ ስፕሪንግስ ምፓርንትዌ ነው። እንግሊዝኛ አንባቢ በእነዚህ ቃላት መነሻ ላይ ምላሱ ይተሳሰራል፤ ሳድስ ፊደል ላለው ለእኛ ንታሪያ ብሎ መጻፍም ማንበብም ቀላል ነው። ቻምበርስ ፒላርም የራሱ ታሪክ አለው፤ ኢቲርካዋራ የተባለ የጥንት ፍጡር ሕግ በመተላለፉ ተባሮ በመጨረሻ ድንጋይ ሆኖ የቀረበት ነው ይባላል።

የአሳሹ ስም ለምን ጸና? ከስቱዋርት በኋላ የመጣው ሁሉ የእሱን ካርታ ይዞ ስለመጣ ነው። በ1872 ከአደሌድ እስከ ዳርዊን የተዘረጋው የ3,200 ኪሎ ሜትር የቴሌግራፍ መስመር በአብዛኛው የተከተለው እሱ የሄደበትን መንገድ ነው፤ በኋላ ባቡሩ መጣ፤ ጣቢያውም ፊንክ ተባለ። አንድ ስም በቴሌግራም፣ በትኬትና በጭነት ወረቀት ላይ ከተጻፈ በኋላ ማን ይነቅለዋል? ያም ሆኖ ፊንክ ይባል የነበረው መንደር ዛሬ አፑቱላ ይባላል። ላራፒንታም ቢሆን አልሞተም፤ ከአሊስ ስፕሪንግስ ወደ ምዕራብ የሚሄደው አውራ ጎዳናና ከ220 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የእግር መንገድ በስሙ ይጠራሉ። ጂኦሎጂስቶችማ ከዛሬ 480 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ያን አገር ሸፍኖ የነበረውን ባሕር ሳይቀር በላራፒንታ ስም ነው የሚጠሩት።

ወደ ዕድሜው እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

አንደኛው ስሕተት የአለቱን ዕድሜ ለወንዙ መስጠት ነው። ወንዝ የሚቆርጠው ቀድሞ የነበረን አለት ነው፤ ስለዚህ የአለቱ ዕድሜ የሚነግረን የላይኛውን ጣሪያ ብቻ ነው። ከንታሪያ በታች ፊንክ የሚሰነጥቀው የሄርማንስበርግ አሸዋ ድንጋይ የሚባለውን ቀይ አለት ነው፤ ይህም በዴቮኒያን ዘመን፣ ከ420 እስከ 360 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ውስጥ የተነጠፈ ደለል ነው። የወንዙ መንገድ በዚያ ቦታ ከዚያ አለት ሊበልጥ አይችልም። «400 ሚሊዮን» የሚሉት ይህን ጣሪያ ሲነኩ «350» የሚሉት ጠንቀቅ ያሉት ናቸው።

ታዲያ 350ውስ ከየት መጣ? ከተራራው ፍርስራሽ ነው። ከ450 እስከ 300 ሚሊዮን ዓመት በፊት በነበረው ረጅም ጊዜ የማክዶኔል አካባቢ እየተገፋ ወደ ላይ ተነሣ። ተራራ ሲነሣ ወንዝ ይሸረሽረዋል፤ የሸረሸረውንም እግሩ ሥር ይከምራል። ከተራራው በስተደቡብ ብሩወር የሚባል የኮረት አለት አለ፤ በዴቮኒያን ማብቂያ ላይ የተከመረ፣ ውሃ ያድቦለቦላቸው ድንጋዮች እርስ በርስ ተጣብቀው የሠሩት ነው። ድንጋዮቹ ከሰሜን፣ ከተራራው የመጡ ናቸው። እንግዲህ ያኔም ከዚህ ተራራ ወደ ደቡብ የሚወርዱ ብርቱ ወንዞች ነበሩ ማለት ነው። ልብ በሉ፦ «ወንዞች ነበሩ» እና «ይህ ወንዝ በዚህችው መስመር ነበር» አንድ አይደሉም። ሁለተኛውን ለማለት ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል።

ያ ማስረጃ የወንዙ ቅርጽ ነው። ውሃ እንደ እባብ የሚጠማዘዘው ለጥ ባለ ሜዳ፣ በለስላሳ ደለል ላይ ሲሄድ ነው፤ የጨፋን ሜዳ በቦርከና በኩል ማየት ይበቃል። በጠንካራ አለት ውስጥ ወንዝ ከአዲስ ተነሥቶ እንዲህ ያለ ሰፊ ቀለበት አይሠራም። ፊንክ ግን በክሪቾፍ ተራሮች ውስጥ ግድግዳው ከ100 ሜትር በላይ በሆነ ሸለቆ ልክ እንደ ሜዳ ወንዝ ይጠማዘዛል። ስለዚህ ጥምዝምዙ የተሠራው ተራራው ዛሬ ባለበት ቦታ ሜዳ በነበረ ጊዜ ነው፤ ከዚያ መሬቱ ሲነሣ ወይም ወንዙ ቁልቁል መቆፈር ሲጀምር ቅርጹን ሳይለቅ ሰመጠ። ከዛሬው አልጋ ጎን ደግሞ ወንዙ የተዋቸው የቆዩ ጥምዞች አሉ። የጥምዙ አንገት ሲቀጥን ጎርፍ በጥሶት ያልፋል፤ አሮጌው አልጋ ደርቆ ይቀራል፤ መሐል ላይ የቆመው ኮረብታም ዙሪያውን የወንዝ አልጋ የከበበው ብቸኛ ይሆናል።

ተራራን መሰንጠቁን በተመለከተ ሁለት መንገድ አለ፤ ውጤታቸው ለዓይን አንድ ነው። በአንደኛው ወንዙ ቀድሞ ነበረ፣ ተረተሩ ከሥሩ ቀስ ብሎ ተነሣ፣ ወንዙም በተነሣው ልክ ቆረጠ። በሁለተኛው ተረተሩ በሌላ ደለል ተቀብሮ ሳለ ወንዙ ከላይ ይሄድ ነበር፤ ደለሉ ታጥቦ ሲያልቅ ወንዙ ከማያውቀው ተረተር ጋር ተገናኘና መንገዱን ሳይቀይር ቆረጠው። ለመለየት የተረተሩ ጫፍ ላይ የሸፈነው ደለል ቅሪት ይፈለጋል። ለፊንክ ሁለቱም በተለያየ ክፍሉ ሠርተው ሊሆን ይችላል፤ 640 ኪሎ ሜትር የሚሆን ወንዝ ሁሉም ክፍሉ አንድ ዕድሜ ይኑረው ማለት አይቻልም።

ሒሳቡንም እንሞክረው። ወንዙ በዓመት አንድ መቶኛ ሚሊ ሜትር (0.01) ብቻ ቢቆርጥ፣ በ350 ሚሊዮን ዓመት 3.5 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የዛሬው ሸለቆ ግን ጥልቀቱ በመቶ ሜትሮች የሚለካ ነው። ስለዚህ አሁን የምናየው ገደል ራሱ 350 ሚሊዮን ዓመት የኖረ አይደለም። ከሱ በላይ የነበረው ብዙ ኪሎ ሜትር አለት ታጥቦ ሄዷል፤ መሐል ላይም ወንዙ ሳይቆፍር በሜዳ የተንከላወሰበት ረጅም ዘመን ነበር። ያረጀው መንገዱ ነው፤ ገደሉ ከመንገዱ ያንሳል፤ አሸዋው ከገደሉ ያንሳል፤ ውሃው ደግሞ ባለፈው ጎርፍ የመጣ ነው።

ይህንኑ ወደ ወሎ ስናመጣው ሥራው ይቀላል። ከፍታዎቻችንን የሸፈነው ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልቱ፣ በአመዛኙ ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ላቫ ነው። በሽሎ የሚቆርጠው ያንን ነው፤ ስለዚህ የበሽሎ ሸለቆ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ሊበልጥ አይችልም። ከዚያ በፊት የነበረ ወንዝ ካለም ላቫው ቀብሮታል። በሽሎ ከፊንክ አንጻር ሲታይ ልጅ ነው፤ ጥልቀቱ ግን ፊንክን ያስንቃል፤ ምክንያቱም ዝናብ አለ፣ ከፍታ አለ፣ መሬቱም ተነሥቷል። ጥልቅ ሸለቆ ሁልጊዜ ያረጀ ሸለቆ አይደለም።

ዶሮ መዝለያስ? ቦርከና 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ካለው ከደሴ ተነሥቶ 1,850 ሜትር አካባቢ ወዳለው ኮምቦልቻ ሲወርድ በዚያች ጠባብ ገደል ነው የሚያልፈው። ተሽከርካሪ ውስጥ ሆኖ ለሚያየው ግሌን ሄለንን የመሰለ በር ነው። ግን መውረጃው በጣም ቀጥ ያለ ነው፤ ይህ የወጣትነት ምልክት ነው። ያረጀ ወንዝ ገደሉን ወደ ኋላ እየበላ አልጋውን ያለሰልሳል፤ የፊንክ አልጋ ለጥ ያለ አሸዋ ነው። እዚህ ሥራውን የያዘው የመሬት ስንጥቅ ነው፤ የኮምቦልቻ በኩል ከስምጥ ሸለቆው ጋር ወደ ታች ወርዷል።

ፊንክን ከእኛ ጋር የሚያገናኘው ሌላው ነገር ዛፉ ነው። በአልጋው ዳርና መሐል የተሰለፈው ግዙፍ ዛፍ ከኮምቦልቻ እስከ ቆቦ በየአጥሩ የምታዩት ቀይ ባሕር ዛፍ ነው፤ አገሩ እዚያ ነው። ሥሩ በአሸዋው ሥር ያለውን ውሃ ተከትሎ ይወርዳል፤ ወንዙ ለዓመታት ሳይፈስ ዛፉ አረንጓዴ ሆኖ የሚቆየው በዚህ ነው። እርሻ ዳር ሲተከል ጤፉን የሚያጫጨውም ይኸው ጠባዩ ነው። እዚያ የሚያድሩ መንገደኞች ከሥሩ ድንኳን እንዳይተክሉ ይመከራሉ፤ ነፋስ ሳይኖር በድንገት ትልቅ ቅርንጫፍ ይጥላልና። ከንታሪያ በታች ባለው ገባር ሸለቆ ደግሞ ከዚያ አካባቢ በቀር የትም በዱር የማይገኝ የዘንባባ ዓይነት አለ፤ ቅርብ ዘመዱ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ነው የሚገኘው። በ2012 የወጣ የዘረመል ጥናት ሁለቱ የተለያዩት ከ15,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው ስላለ፣ የጥንት ቅሪት ነው የሚለው የቆየ ሐሳብ ተናጋ፤ ዘሩን ሰው ተሸክሞ አምጥቶት ሊሆን ይችላል።

ደረቅ አሸዋ ያየ መሐንዲስ ሁሉ አንድ ዓይነት ስሕተት ይሠራል። ወደ አሊስ ስፕሪንግስ የሚሄደው የድሮ ባቡር መስመር በ1929 ሲጠናቀቅ ሐዲዱ ፊንክን በአሸዋው ላይ ነበር የሚሻገረው። ሩቅ ተራራ ላይ የዘነበ ዝናብ ሰማይ ጥርት ባለበት ቀን ጎርፍ ሆኖ ይደርሳል፤ ጎርፉ ከላይ የሚታየውን አሸዋ ብቻ አይደለም የሚያንቀሳቅሰው፣ አልጋውን ከሥር ፈልፍሎ ያነሣዋል፣ ሐዲዱም ይንጠለጠላል ወይም ይጠረጋል። ሲጠገን፣ ሲታጠብ ኖሮ በ1980 ራቅ ብሎ በስተምዕራብ አዲስ መስመር ተከፈተ። በአሸዋ ወንዝ ላይ የሚሠራ ድልድይ መሠረቱ መቆም ያለበት ጎርፍ ከሚፈለፍለው ጥልቀት በታች ባለ ጠንካራ መሬት ላይ ነው፤ በበጋ የሚታየውን አሸዋ መለካት አይበቃም።

ይህን ሁሉ በስልክ ማየት ይቻላል። የሳተላይት ካርታ ክፈቱና -23.94, 132.78 ብላችሁ ጻፉ፤ ንታሪያ ትወጣለች። ነጩን መስመር ይዛችሁ ወደ ደቡብ ውረዱ፤ ነጩ አሸዋ ነው፣ ውሃ አይደለም። ውሃው ጥቁር ወይም ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ በጥምዙ ውጭኛ ክንድ፣ ገደሉ ሥር፣ ቀጠን ብሎ ይታያል፤ ጎርፍ አጥብቆ የሚፈለፍለው እዚያ ስለሆነ ኩሬው የሚቀረው እዚያው ነው። ጥምዙ ውስጥ ገብታችሁ አሮጌዎቹን አልጋዎች ፈልጉ፤ ወንዙ የሌለበት፣ ግን ስፋቱና ክብነቱ ልክ እንደ ወንዙ የሆነ ሸለቆ ካያችሁ እሱ ነው። ከዚያ መቅደላን ፈልጉና በስተሰሜን ያለውን በሽሎን አጠገቡ አስቀምጡት። የበሽሎ ዳር ደረጃ ደረጃ ነው፤ ደረጃዎቹ በየተራ የፈሰሱት ላቫዎች ናቸው፣ እርሻው የተያዘውም በደረጃዎቹ ላይ ነው። ምስሉ የክረምት ከሆነ ደመና ስለሚሸፍነው ከጥቅምት እስከ ጥር የተነሣውን ምረጡ።